ከአሌፖ ወደ ስቫልባርድ፣ ከስቫልባርድ ወደ ቤካ ሸለቆ፦ የአንድ ጂን ባንክ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2015 መጸው በኖርዌይ ሰሜናዊ ደሴቶች ላይ ከሚገኘው የስቫልባርድ ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ 128 ሳጥኖች ወጡ። በውስጣቸው 38,073 የዘር ናሙናዎች ነበሩ። ማከማቻው በፌብሩዋሪ 2008 ከተከፈተ ጀምሮ ዘር ሲገባበት እንጂ ሲወጣበት ታይቶ አያውቅም። አስወጪው ኢካርዳ ነው፤ በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል። የሶርያ ጦርነት አሌፖ አጠገብ ከነበረው ዋና ጣቢያው ስላፈናቀለው፣ በአደራ ያስቀመጠውን ዘር መልሶ ለመውሰድ ተገደደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መገናኛ ብዙኃን ወሬውን እስከዚህ አድርሰው ተዉት። ለጂን ባንክ (የእጽዋት ዘር ስብስብን ጠብቆ ለሚያቆይ ተቋም) ባለሙያ ግን የሳጥኖቹ መውጣት የሥራው አጋማሽ እንኳ አይደለም። ከከረጢት የወጣ ጥቂት መቶ ፍሬ ገና ስብስብ አይባልም። ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተፈትሾና ተከፋፍሎ ወደየቦታው ሲመለስ ነው ስብስብ የሚሆነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የሚያጥረው ቅዝቃዜ ሳይሆን መሬትና የሰው እጅ ነው።

ቴል ሐድያ ምን ነበረው?

ኢካርዳ የተቋቋመው በ1977 ነው። ጂን ባንኩ ከአሌፖ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቴል ሐድያ ነበር። ወደ 150,000 የሚጠጉ ናሙናዎች ይዞ ነበር፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጓያ፣ የመኖ እጽዋት፣ የእነዚህም የዱር ዘመዶች። አካባቢው ለም ጨረቃ የሚባለው ምድር ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ወደ ማሳ የገቡት በዚያው ዙሪያ ነው። የዱር ዘመዶቻቸው ዛሬም በመንገድ ዳርና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላሉ፤ ግጦሽና ግንባታ ካልቀደማቸው።

ናሙና ማለት አንድ ፍሬ ወይም አንድ ዝርያ ማለት አይደለም። ሰብሳቢው በአንድ ቀን ከአንድ ማሳ ወይም ከአንድ ኮረብታ የለቀመው ዘር መለያ ቁጥር ሲሰጠው ናሙና ይባላል። የገበሬ ገብስ ከሆነ ጥቁሩም ነጩም፣ ቀድሞ የሚደርሰውም የሚዘገየውም በአንድ ከረጢት ተደባልቆ ይገኛል። የሚጠበቀው ይህ ድብልቅ ነው። ድብልቁ ከተዛባ ቁጥሩ በመዝገብ ላይ እንዳለ ናሙናው ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ በማሳ ላይ ያለው ጭንቀት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደህና ጂን ባንክ አንዱን ናሙና ቢያንስ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ለተመራማሪና ለአራቢ (አዲስ የሰብል ዝርያ ለሚያወጣ ባለሙያ) የሚታደለው ነው። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል ይቀመጣል፤ ከላዩ ይቆነጠራል፣ ያልቃል፣ ይተካል። ሁለተኛው ዋናው ክምችት ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፣ በሆነ ባልሆነው አይነካም። ሦስተኛው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። እሱም ቢቻል በሌላ አገር ይሆናል፤ በዚያው ግቢ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ያለ ቅጂ ከእሳት ያድን ይሆናል እንጂ ከጦርነት አያድንም።

ይህ አሠራር የሚያገለግለው መድረቅን ለሚችል ዘር ብቻ ነው። ስንዴና ምስር የውስጥ ውሃቸው ወደ 5 በመቶ ቢወርድ አይሞቱም። ማንጎና አቮካዶ ግን ሲደርቁ ይሞታሉ፤ ለእነሱ የማቀዝቀዣ ክፍል መፍትሔ አይሆንም።

ለሚደርቁት ሃሪንግተን የተባለ የዘር ሳይንስ ሊቅ የተወው የቆየ መለኪያ አለ። የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በወረደ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ በወረደ ቁጥርም እንደዚያው። ስሌቱን በአንድ ዘር ላይ እንየው። እርጥበቱ 12 በመቶ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት 1 ዓመት የሚቆይ ዘር ወደ 6 በመቶ ቢደርቅ ስድስት ጊዜ ይታጠፋል፤ 64 ዓመት። ሙቀቱም ወደ 0 ዲግሪ ቢወርድ አምስት ጊዜ ይታጠፋል፤ 64 በ32 ሲባዛ 2,048 ዓመት። ይህን ቁጥር እንዳለ የሚያምን ባለሙያ የለም። መለኪያው የሚሠራው እርጥበቱ ከ5 እስከ 14 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ግምት ነው። ቁም ነገሩ ከሁለቱ ብዜቶች የማድረቁ መብለጡ ላይ ነው። መብራት የማይታመንበት ቦታ ጂን ባንክ የሚያቋቁም ሰው የመጀመሪያውን ገንዘብ በማቀዝቀዣው ፋንታ በማድረቂያው ላይ ቢያወጣ አይከስርም።

በደንብ ደርቆ የታሸገ ዘር መብራት ቢቆራረጥ በአንድ ጀምበር አይሞትም፤ ዕድሜው ያጥራል እንጂ። እርጥብ ሆኖ የገባ ዘር ግን ቅዝቃዜው በጠፋ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻል። ቴል ሐድያ በጦርነት መሃል ለዓመታት መቆም ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በሩ ሲዘጋ

ጦርነቱ በ2011 ተቀሰቀሰ። በ2012 የውጭ አገር ሠራተኞች ከቴል ሐድያ ወጡ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቤይሩት ተዛወረ። ሶርያውያን ሠራተኞች ግን አካባቢው በታጣቂዎች እጅ ከገባ በኋላም ጄነሬተሩን እያስነሡ፣ ነዳጅ እያፈላለጉ፣ ቀዝቃዛ ክፍሎቹን ለዓመታት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ እነሱም መድረስ የማይችሉበት ጊዜ መጣ።

ብዙዎች ዘሩ ተቃጥሎ ነው ኢካርዳ ወደ ስቫልባርድ የሄደው ብለው ጽፈዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቀዝቃዛ ክፍሉ እንደቆመ በሩ ነበር የተዘጋው። ለአራቢ የሚላክ ዘር መስጠት አልተቻለም፣ እያረጀ ያለውን ማደስ አልተቻለም፣ የብቅለት ፍተሻ ማድረግ አልተቻለም። ጂን ባንክ ዘሩ ሳይሞት ሥራው ሊሞት ይችላል።

ያዳነው ነገር ቀኑ ነው። ኢካርዳ ቅጂዎቹን ወደ ስቫልባርድ መላክ የጀመረው ማከማቻው በተከፈተበት በ2008 ነው፤ ጦርነቱ ሊነሣ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ማንም ሳያስገድደው። ድምሩ ከ116,000 ናሙና በላይ፣ በ325 ሳጥኖች የታሸገ ሆነ። ያ ማለት ከስብስቡ አራት አምስተኛ ያህሉ ነው።

ሁሉም ያልሄደው በስንፍና አይደለም። ናሙናው በጠቅላላ 200 ፍሬ ብቻ ካለው ከዚያ ላይ ቅጂ አይቆረጥም። መጀመሪያ ማሳ ላይ ወጥቶ መብዛት አለበት። ለመብዛት የሚያስቸግሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዱር ዘመዶች ናቸው፤ ፍሬያቸው ጥቂት፣ የሚረግፍ፣ ለመብቀል የሚያስቸግር። ስለዚህ በየትኛውም ጂን ባንክ ቅጂ የሌለው ወረፋ ውስጥ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ ዳግም ሄዶ ለመልቀምም የሚያስቸግሩት እነሱው።

የተዘጋ አደራ

የስቫልባርድ ማከማቻ ስፒትስበርገን ደሴት ላይ፣ ሎንግየርቢየን ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል 130 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ጠቅላላ አቅማቸው 4.5 ሚሊዮን ናሙና ነው። የዓለቱ የራሱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 3 እና 4 ዲግሪ ሲሆን ማሽን ወደ 18 ያወርደዋል። ማሽኑ ቢቆም ክፍሉ ወደ ዓለቱ ሙቀት ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል።

የሚሠራው እንደ አደራ ነው። የኖርዌይ መንግሥት፣ ኖርድጀን የተባለው የኖርዲክ አገሮች ጂን ባንክና ክሮፕ ትረስት የተባለው ለጂን ባንኮች ገንዘብ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ ድርጅት በጋራ ያስተዳድሩታል፤ ዘሩ ግን የአስቀማጩ ነው። ሳጥኑ በአውሮፕላን ጣቢያው በኤክስሬይ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ከአስቀማጩ በቀር ማንም ማውጣት አይችልም፤ ማንም ከውስጡ ዘር መጠየቅም አይችልም። ለማስቀመጫው አስቀማጩ ክፍያ አይጠየቅም። ሸማች፣ ተመራማሪ፣ ሌላ መንግሥት፣ ሁሉም የሚሄደው ወደ ባለቤቱ ጂን ባንክ ነው።

በ2015 ኢካርዳ ሁሉንም ሳጥን አላስወጣም። ከ325 ሳጥኖች 128 ብቻ ነው ያወጣው። ይህ ውሳኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ይመስለናል። ያን ጊዜ የቴል ሐድያው ዘር የማይደረስበት ስለነበር፣ ከስቫልባርድ የወጣው ሳጥን ለብዙዎቹ ናሙናዎች በእጅ ያለ ብቸኛ ቅጂ ነው። አውሮፕላን ላይ፣ በጉምሩክ፣ በኳራንቲን ወረፋ፣ ከዚያም ማሳ ላይ ይጋለጣል። በአንድ ወቅት ሊዘራ ከሚችለው በላይ ማውጣት ደግሞ ትርፍ የለውም፤ አንደኛ ደረጃ ከሆነ ማከማቻ አውጥቶ ጊዜያዊ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው የሚሆነው።

ሳጥኖቹ ወደ ሁለት አገር ሄዱ። በሊባኖስ ቤካ ሸለቆ ተርቦል፣ በሞሮኮ ደግሞ ራባት። የሥራ ክፍፍሉም እንደ ሰብሉ ጠባይ ሆነ፦ የዱር ዘመዶች፣ የመኖ እጽዋት፣ ባቄላና ጓያ ወደ ተርቦል፤ የሚታረሱት ስንዴና ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ ወደ ሞሮኮ። ተርቦል ከባሕር ወለል 900 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ክረምቱ ብርዳም፣ በጋው ደረቅ ነው። ለአሌፖ ዙሪያ እጽዋት እንግዳ አየር አይደለም። አየሩ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ድብልቁ ውስጥ ያለው ደካማ ክፍል በመጀመሪያው ክረምት ይወገድ ነበር፤ ማንም ሳይመርጥ ምርጫ ተካሄደ ማለት ነው።

ከረጢቱ ሲከፈት

38,073ን ለ128 ብናካፍል ለአንድ ሳጥን 300 ያህል ከረጢት ይደርሳል። ባለ ትንንሽ ፍሬ ሰብል ከሆነ ሳጥኑ ከ400 እስከ 500 ይይዛል፤ ባቄላ ግን ቦታ ይበላል። ከረጢቱ ሦስት ንብርብር ነው፤ መሃሉ አሉሚኒየም፣ ሁለቱ ገጾች ፕላስቲክ፣ አፉ በሙቀት የተጣበቀ። በውስጡ ብዙውን ጊዜ እስከ 500 ፍሬ አለ። 1,000 ፍሬው 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ ከሆነ 500 ፍሬ 20 ግራም ነው፤ አንድ እፍኝ የማይሞላ።

ቀዝቃዛውን ከረጢት ወዲያው መቅደድ የጀማሪ ስህተት ነው። ከዜሮ በታች 18 የነበረ ዘር እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፤ ለዓመታት የተጠበቀው ድርቀት በደቂቃ ይበላሻል። ከረጢቱ ሳይከፈት አንድ ሙሉ ቀን በክፍል ሙቀት ይተዋል፤ ከዚያ ይቀደዳል።

ሁለተኛው ስህተት ጥራጥሬ ላይ ይደርሳል። 5 በመቶ እርጥበት ያለው ባቄላ ወይም ሽምብራ ውሃ በጠገበ ወረቀት ላይ በቀጥታ ቢጣል ውሃውን በጥድፊያ ይመጥና ሥጋው ይሰነጠቃል። ላቦራቶሪው “ዘሩ ሞቷል” ብሎ ይመዘግባል፤ የገደለው ግን ፍተሻው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዘሩን በወንፊት ላይ አድርጎ፣ ከሥሩ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ውሃውን ሳይነካ ማሳደር። ከአየሩ ቀስ ብሎ እርጥበት ይወስዳል፣ በማግስቱ ወረቀት ላይ ይሄዳል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አይዘራም። ከ300 ወይም ከ500 ፍሬ ላይ ከ100 እስከ 150 ያህሉ ይዘራል፣ የቀረው ተመልሶ ይታሸጋል። በረዶ ቢመታ፣ ወፍ ቢለቅመው፣ ውርጭ ቢያገኘው ሁለተኛ ዕድል አለ ማለት ነው። በአደራ የወጣ ዘር አንድም ሳይቀር መሬት ላይ መበተን ቁማር ነው።

ማሳው

ስንት ተክል ያስፈልጋል? ይህን በግምት መመለስ አይገባም። አንድ ናሙና ውስጥ ከ20 ተክል በአንዱ ብቻ የሚገኝ ባሕርይ አለ እንበል፤ 5 በመቶ። ሰብሉ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ እንደ ገብስ ያለ ከሆነ፣ 30 ተክል ብቻ ቢዘራ ያ ባሕርይ ጨርሶ የመቅረት ዕድሉ 21 በመቶ ነው። 60 ቢዘራ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። 100 ቢዘራ ከ1 በመቶ ያነሰ ይሆናል። ያ ባሕርይ ነገ የሚፈለገው የዋግ በሽታን መቋቋሚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቦታ ጠበበ ተብሎ ከ100 ወደ 30 መውረድ በመዝገብ ላይ የማይታይ ኪሳራ ነው፤ ናሙናው “ታድሷል” ተብሎ ይጻፋል፣ እንዲህ ካሉት ብርቅ ባሕርያት ግን አንድ አምስተኛው ያህል ጎድሎ ሊሆን ይችላል።

አጨዳ ላይም እንዲሁ ነው። ብዙ የሚያፈራው ተክል ሁሉንም ቦታ እንዳይወስድ፣ ከእያንዳንዱ ተክል እኩል ፍሬ ወይም እኩል ዛላ ይወሰዳል። በዚህ ብቻ 100 ተክል የ200ን ያህል ይሠራል። ሁሉን በአንድ አጭዶ መውቃት ግን ጉልበት ይቀንሳል፣ ድብልቁን ደግሞ ያዛባል።

አሁን ጉልበቱን እናስላ፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። በአንድ ወቅት 15,000 ናሙና ቢዘራና ለእያንዳንዱ 3 ካሬ ሜትር ቢሰጠው 4.5 ሄክታር ይሆናል፤ መተላለፊያው ሲጨመር በእጥፍ፣ 9 ሄክታር። መሬቱ ብዙ አይደለም። ግን አንዱን ናሙና ተክል በተክል ለማጨድ፣ ከረጢት ውስጥ ለመክተትና መለያውን ለማረጋገጥ 20 ደቂቃ ቢፈጅ 5,000 ሰዓት ነው። የመድረሻው ወቅት 25 የሥራ ቀን፣ ቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን፣ አጨዳ ብቻ የሚሠሩ 25 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከዚያ በፊት አረም ነቃይ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወቂ፣ ደርዳሪ፣ ቆጣሪ። ስቫልባርድ ለዘሩ የሚያስፈልገው በር የሚከፍት ሰው ነው፤ ተርቦል የሚያስፈልገው የሠራተኛ ጭፍራ ነው።

ሰብል በሰብል ችግሩ ይለያያል። ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ጎን ለጎን ቢዘሩ የአበባ ዱቄታቸው ብዙ አይደባለቅም። ችግራቸው አውድማ ላይ ነው። በመውቂያ ማሽን ወንፊት ውስጥ የተሰነቀረ አንድ ፍሬ ወደ ቀጣዩ ናሙና ይገባል፤ ያ ፍሬ ረጅምና ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዝርያ ከሆነ በሁለት እድሳት ውስጥ ተባዝቶ ናሙናውን ይይዘዋል። በየናሙናው መሃል ማሽኑ በታመቀ አየር ይነፋል። ጥቂት ዛላ ከሆነ በእጅ ማሸት ይሻላል።

ባቄላ ሌላ ነው። ንብ ስለምትጎበኘው ከጎረቤቱ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። ሁለት የባቄላ ናሙና ያለ መከለያ ጎን ለጎን ከተዘራ፣ በመከር ጊዜ ሁለቱም የቀድሞውን ማንነታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ነፍሳት በማያስገባ መረብ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ይዘራል፤ ዳቀላው እንዳይቀር ደግሞ ንብ ውስጡ ይለቀቅበታል። ውድ ነው፣ ቦታ ይፈጃል፣ ነፋስ ይቀድደዋል። የፍሬው ቁጥርም ያስቸግራል። አንድ የባቄላ ተክል 30 ፍሬ ቢሰጥ 100 ተክል 3,000 ይሰጣል። ለዋናው ክምችት 1,500፣ ለስቫልባርድ 500፣ ለሌላ መጠባበቂያ 500፣ ለፍተሻ 400 ሲነሣ ለአራቢዎች የሚታደለው 100 ፍሬ ነው። አንድ ጠያቂ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባቄላ ሁለት ወቅት ሊዘራ ይገባዋል ወይም ጎጆው ይሰፋል። ስንዴ በዚያው ስሌት 100 ተክል 10,000 ፍሬ ይሰጣል፤ ምንም ጭንቀት የለበትም።

የዱር ስንዴ ዘመዶች፣ ኤጊሎፕስ የሚባሉት፣ እንደ ደረሱ ዛላቸው ተሰብሮ ይረግፋል። ለዱር ሕይወታቸው ይህ ጥበብ ነው፤ ለጂን ባንክ ግን መከራ። ዛላው ወደ ቢጫ መለወጥ ሲጀምር በወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ከረጢት ይታሰራል፤ የረገፈው እዚያው ይቀራል። መሬት ላይ የወደቀውን መልቀም አይመከርም፤ ካለፈው ዓመት ተክል የተረፈ ሊሆን ይችላል። የመኖ እጽዋቱ፣ እንደ ሜዲካጎ ያሉት፣ ሽፋናቸው ውሃ አያስገባም። እንዲሁ ቢዘሩ ገሚሱ አይወጣም፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል። ማሸቱን ያላወቀ ሰው በሕይወት ያለ ናሙናን በሞተ ይቆጥራል።

በሽታም በዘር ይተላለፋል። ሽምብራ ላይ አስኮካይታ የተባለው ፈንገስ፣ ምስርና ባቄላ ላይ በዘር የሚሄዱ ቫይረሶች፣ ከጥራጥሬ ዘር ጋር ተደባልቆ የሚመጣው አቧራ የመሰለው የኦሮባንኪ (የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም) ዘር፤ እነዚህን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ የመግቢያ ፈቃድ፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ አበባ ከመያዙ በፊት ማሳውን ተዘዋውሮ የታመመውን መንቀል። ነቀዝን በተመለከተ ግን ጂን ባንክ ዕድለኛ ነው፤ የደረቀው ዘር ከዜሮ በታች 18 ሲገባ እንቁላሉም ትሉም ያልቃሉ።

ማድረቅ፣ ማሸግ፣ መመለስ

ከማሳ የገባ ዘር መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አየር እንዲያገኝ ይተዋል፤ ከዚያ ወደ ማድረቂያ ክፍል ይገባል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 15 በመቶ ገደማ። ዘሩ በቀዳዳ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ባቄላ ትልቅ ስለሆነ ይዘገያል። “በ60 ዲግሪ ምድጃ በሁለት ቀን እንጨርሰው” የሚል ሐሳብ በሥራ ብዛት ጊዜ ሁልጊዜ ይመጣል። ዘሩ ያን ቀን ይበቅላል፤ የሚቀነሰው ከመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ነው።

እርጥበቱ ደርሷል ለማለት ግምት አይበቃም። ስንዴ ከሆነ 5 ግራም ያህል ተፈጭቶ በ130 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ይደርቃል። 5.000 ግራም የነበረው 4.715 ከሆነ የጠፋው 0.285 ግራም ነው፤ ለ5 ሲካፈል 5.7 በመቶ። ጥሩ ነው፣ ይታሸግ።

ማሸጊያው ላይ የሚከሽፈው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቀዳዳ። የገብስ ጢምና የኤጊሎፕስ ሾህ ፎይሉን ከውስጥ ይወጉታል። ጢሙ በደንብ መርገፍ አለበት፣ ሾሃሙ ዘር ደግሞ መጀመሪያ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል። አየሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ይታሸጋል፤ በማግስቱ ከረጢቱ ላልቶ ከተገኘ ያፈስሳል ማለት ነው፣ ይለወጣል። መለያው ባርኮድ ከውጭ ይለጠፋል፤ ሌላው በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ከውስጥ ይገባል። ሙጫ በቅዝቃዜ ይለቃል፣ እርሳስ አይለቅም።

ከማሸግ በፊት የብቅለት ፍተሻ አለ፤ 200 ፍሬ፣ መቶ መቶ ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ። ለሚታረሱ ሰብሎች የሚፈለገው ከ85 በመቶ በላይ ነው። አንዱ ረድፍ 96፣ ሌላው 84 ቢያወጣ አማካዩ 90 ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ልዩነቱ የፍተሻ ስህተት ስለሚያሳይ ይደገማል። ከማሳ የገባ ትኩስ ገብስ ደግሞ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ሆኖ ቅዝቃዜ ውስጥ ቢቆይ ይነቃል። የዱር ዘመዶችን በ85 መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለእነሱ ዝቅ ያለ ቁጥርም ተቀባይነት አለው።

በፌብሩዋሪ 2017 የመጀመሪያው የታደሰ ዘር፣ ከ15,000 ናሙና በላይ፣ ወደ ስቫልባርድ ተመለሰ። ወጥቶ የተመለሰ የመጀመሪያው አደራ ያ ነው። ከዚያ በዚያው ዓመትና በ2019 ኢካርዳ የቀሩትን ሳጥኖች በተራ አወጣ፤ ከማሳ የሚገባውን ያህል እያወጣ፣ ያደሰውን እየመለሰ። ከመጀመሪያው መመለስ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2016፣ ያልተለመደ ሙቀትና ዝናብ የማከማቻውን መግቢያ ዋሻ በውሃ አጥለቅልቆት ነበር። ውሃው ዘሩ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ላይ በረዶ ሆነ፤ መግቢያው ከዚያ በኋላ ተጠግኗል። ያን ሰሞን የኢካርዳ ዘር ገሚሱ እዚያው ተራራ ውስጥ፣ ገሚሱ ሊባኖስና ሞሮኮ ነበር።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተዘጋው ሳጥን ስለማይከፈት ስቫልባርድ ውስጥ ያለውን ከረጢት ማንም አይፈትሸውም። ጤናው የሚታወቀው በእህቱ ነው፤ በዚያው ቀን ከዚያው ማሳ ታሽጎ ባለቤቱ ጋ በቀረው ከረጢት። ያ ሲፈተሽ ተራራ ውስጥ ያለውም እንደዚያ ነው ተብሎ ይገመታል። በ2012 እና በ2015 መሃል የጠፋው ይህ መስኮት ነበር፤ ቅጂው ደህና ነበር፣ ደህና መሆኑን ግን ሳጥኑን ሳያስወጡ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ዕድሜው በደንብ ላልታወቀ ግን ረጅም እንደሚኖር ለሚታመን ሰብል የፍተሻው ልማድ በየ10 ዓመቱ ነው፤ ቶሎ ለሚያረጀው በየ5። በ2017 መጀመሪያ የተመለሱት የስንዴና የገብስ ከረጢቶች ወረፋ 2027 ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ራባት ያለው እህት ከረጢት ይከፈታል፣ 200 ፍሬ ተቆጥሮ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ብቅለቱ ሲታሸግ ከነበረው ከ85 በመቶ በታች ቢወርድ፣ ስቫልባርድ ያለውም ሳይከፈት ይታደስ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ይገባል።